ያገለገለ ሞተር ሳይክል ላይ ጉልበት ለመጨመር ሲሞከር የሚሠሩ ስህተቶች

ያገለገለ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማርሚታና ወደ ፊልትሮ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት አሁንም አለ ወይ? ቫልቭ ይጠብባል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል፣ ፍሬን ጎማውን ይዞ ይቀራል። ጉልበቱ ቀስ እያለ ስለሚያልቅ ነጂው ልብ አይለውም። ይህን የጠፋ ጉልበት መመለስ አዲስ ዕቃ ከመግጠም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ወጪውም ያንሳል።

ኮምፕሬሽን ሳይለኩ ዕቃ መግዛት

የደከመ ሞተር ላይ ውድ ዕቃ መጫን ገንዘብ መበተን ነው። ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) መለካት ደግሞ ረጅም ሥራ አይደለም። ሞተሩን አሙቁት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ እሰሩት። ከዚያ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ እንደያዛችሁ ማስነሻውን ደጋግማችሁ ምቱ። ጋዙ ካልተከፈተ በቂ አየር ስለማይገባ ቁጥሩ ያንሳል፤ ደህና የነበረው ሞተር «አልቋል» ተብሎ በከንቱ ይፈታል። ያገኛችሁትን ቁጥር ከሞዴሉ መመሪያ ጋር አስተያዩት። አንዳንዱ ሞተር ማስነሳት እንዲቀል ኮምፕሬሽን የሚቀንስ ነገር ተሠርቶለታል፤ ስለዚህ የጓደኛችሁ ሞተር ቁጥር ለእናንተ መለኪያ አይሆንም።

ቁጥሩ ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነው ነው የጨመረው። ንቅንቅ ካላለ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሩና በክዳኑ መሐል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል።

ጸጥ ያለ ቫልቭ ደህና ነው ብሎ ማሰብ

የላላ ቫልቭ ያንኳኳል፣ ስለዚህ ይሰማል። የጠበበው ግን ድምፅ የለውም፤ ሰውም «ሞተሩ እንዴት ጸጥ ብሏል!» እያለ ይደሰታል። የጠበበ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቫልቭ ደግሞ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ነው። ካልነካ ይግላል፣ በተለይ የጭስ መውጫው ቫልቭ ጠርዙ ይቃጠላል። የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መሐል ያለው) የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ በኮምፕሬሽን ምት የላይኛው ጫፍ ላይ ሲቆም ነው። በሙቀት ተለክቶ «ልክ ነው» የተባለ ክፍተት አይታመንም።

ድምፅን እንደ ጉልበት መቁጠር

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ ደህና ሞተር የሚገድል ስለሆነ። የማርሚታው ሆድ ዕቃ ይወጣል፣ ወይም ክፍት ፊልትሮ ይገጠማል። ድምፁ ይጎላል፣ ነጂውም ሞተሩ የበረታ ይመስለዋል። ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። የሚገባው አየር ጨመረ፣ ቤንዚኑ ግን እዚያው ነው። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ግን ቤንዚኑ በርከት ይላል፤ ለ1 ግራም ከ12.5 እስከ 13 ግራም አየር አካባቢ። ቤንዚን ያነሰበት ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። ሲብስ ማንኳኳት (ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ በራሱ መፈንዳት) ይመጣል፣ የፒስተኑም አናት እስከ መቅለጥ ይደርሳል።

ማርሚታና ፊልትሮ ከተቀየረ የካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ጄትም፣ ማለትም ቤንዚን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ አብሮ መታየት አለበት። እዚህ ላይ በጭፍን መሞከር አያስፈልግም። የጋዝ እጀታው ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት አራተኛውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። እስከ ሩብ የሚያንገራግር ከሆነ ትንሹን ጄትና የአየሩን ብሎን ተመልከቱ። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው መሐል የሚገዛው የካርቡሬተሩ መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት።

ከዚያ ካንዴላውን አንብቡ። ትራፊክ በሌለበት ቦታ ሙሉ ጋዝ ላይ እያለ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁሙ፣ ካንዴላውን ፍቱ። ቀስ ብላችሁ እስከ ቤት ነድታችሁ ከሆነ የምታዩት የቀስታውን ጉዞ ቀለም ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁር ጥላሸት ካለው በዝቶበታል።

አንዳንድ ካርቡሬተሮች ውስጥ ያለው ስላይድ (የአየሩን መንገድ የሚከፍተው ተንሸራታች) የሚነሳው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። እነዚህ ከፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ጋር ተስማምተው የተሠሩ ስለሆኑ ሳጥኑ ሲወጣ መሐል ጋዝ ላይ ይደነቃቀፋሉ። ለዕለት ተዕለት መንገድ ሳጥኑን ባለበት ትታችሁ ንጹሕ ፊልትሮ ብታስገቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስፕሮኬት ሲቀይሩ ስሌቱን መርሳት

ስፕሮኬት (ካቴናው፣ ማለትም ሰንሰለቱ፣ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ) መቀየር ርካሽና ጥሩ ለውጥ ነው፤ ግን የሚሰጠውም የሚወስደውም አለው። የፊቱ 15 ጥርስ፣ የኋላው 45 ከሆነ የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱ ስፕሮኬት 3 ጊዜ ይዞራል። የፊቱን 14 ስታደርጉት 3.21 ይሆናል። ዳገት ላይ ጉልበት ታገኛላችሁ፤ በዚያው የሞተር ዙር ግን ፍጥነቱ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል። ተመሳሳዩን ውጤት ከኋላ ለማግኘት 3 ጥርስ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። አሮጌ ካቴና ላይ አዲስ ስፕሮኬት አትግጠሙ፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ካቴናውንም አትወጥሩት። ነጂው ሲቀመጥበት የበለጠ ስለሚወጠር የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል።

በዘይትና በቤንዚን ጉልበት መፈለግ

በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ በጣም እንዲያንሸራትት የተሠራ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያስለቅቀዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» (JASO MA፣ MA2) የሚል ፈልጉ፤ ዘይት ውስጥ ለሚዋኝ ፍሪሲዮን የሚስማማ ማለት ነው። ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ደግሞ የሚከላከለው ማንኳኳትን ነው። ኮምፕሬሽኑ ዝቅተኛ በሆነ ጤነኛ ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበት የለም።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

ማርሚታ፣ ጄትና ስፕሮኬት አብረው ከተቀየሩ በኋላ ሞተሩ ቢያስቸግር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? አንዱን ቀይሩ፣ በዚያው መንገድ ንዱ፣ ጻፉት። የወጣውንም ጄት በላዩ ካለው ቁጥር ጋር አስቀምጡት።

ፍሬንና ጎማን ለመጨረሻ መተው

ይህ ከሁሉም መቅደም ነበረበት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን የሰው ሕይወት ሲነካ ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና ማርሹን አውጥታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው አልቋል፤ ጉልበታችሁ እዚያው እየተበላ ነው። የጎማውንም ዕድሜ እዩ። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አሃዞች አሉ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ካገኛችሁ የማርሚታውን ገንዘብ ለእሱ አውሉት።