ጥላና ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ቀለም) ያለበትን ዲዛይን ለህትመት ስትልኩ

ትራንስፓረንሲ (ከፊል ግልጽነት) ያለበትን ሥራ ኢፒኤስ በሚባለው የፋይል ዓይነት አትላኩ። ኢፒኤስ ከፊል ግልጽነትን ስለማይሸከም የዲዛይን ፕሮግራሙ ያንን ክፍል ወይ ይቆራርጠዋል ወይ ወደ ፒክስል ይለውጠዋል፤ በጥላ ዙሪያ የሚወጣው ነጭ ሳጥንም ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ከኢለስትሬተር (የዲዛይን ፕሮግራም) ስታወጡ ፒዲኤፍ ኤክስ-4 የሚባለውን የህትመት ፒዲኤፍ ዓይነት ምረጡ፣ ትራንስፓረንሲው ሳይነካ ያልፋል። ማተሚያ ቤቱ የግድ ኤክስ-1ኤ (ትራንስፓረንሲን የማይቀበል የፒዲኤፍ ዓይነት) ካለ ግን ፍላተን መደረጉ (ግልጽ ክፍሎቹ ከሥራቸው ካለው ጋር መዋሃዳቸው) ስለማይቀር "ሃይ ሪዞሉሽን" የሚለውን የፍላተን ምርጫ ተጠቀሙ። ከሁሉ በፊት ኢፌክት ሜኑ ገብታችሁ የዶክመንት ራስተር ጥራቱ (እንደ ጥላ ያሉ ኢፌክቶች ወደ ፒክስል የሚለወጡበት ጥራት) 300 ፒፒአይ (ፒክስል በኢንች) መሆኑን እዩ። በ72 የቀረ ጥላ ስክሪን ላይ ቢያምርም ወረቀት ላይ ይሸራረፋል።

እየደበዘዘ የሚጠፋ ግራዲየንት ስትሠሩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነጭ ሳይሆን ያንኑ ቀለም በ0% ኦፓሲቲ (ሙሉ በሙሉ ግልጽ አድርጋችሁ) አስቀምጡ። ነጭ ከሆነ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ የማይፈለግ ጭጋግ ይታያል።