አባት ወይም እናት ሲሞቱ የልጆችን ጡረታ እንዴት አስልተን እንጠይቃለን?

ለቅሶ ቤት የወረቀት ወሬ አይነሳም። ነውር ነው። ድንኳኑ ሳይፈርስ ስለ ጡረታ ያነሳ ሰው ሲታማ ይከርማል። ሰልስቱ ይወጣል፣ አርባው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እስቲ የልጆቹን ነገር» የሚባለው። ሕጉ ግን አርባን አያውቅም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ወንድሜ ያረፈ ጊዜ እኛም አርባውን ጠበቅን። ከዚያ እኔና ሚስቱ ባሕር ዳርን በባጃጅ አዳረስናት። እናንተ ቢያንስ ግማሹን መንገድ እንድትተርፉ ነው ይህን የምጽፈው።

እዚህ አገር ልጅ ስለተወለደ ብቻ መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው አበል የለም። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ የሚያወሩልን ዓይነቱ ማለቴ ነው። በልጅ ስም የሚመጣ አንድ ገንዘብ ግን አለ። ደመወዝተኛ የነበረ አባት ወይም እናት ሲሞቱ የሚከፈለው የተተኪ ጡረታ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ አዋጅ 1268/2014 ይመለከተዋል።

መጀመሪያ ሟቹ ጡረታ ይቆረጥበት እንደነበር አረጋግጡ። የደመወዝ ወረቀቱን እዩት፤ 7 በመቶ ተቀንሶ ታገኛላችሁ። አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ምንም ካልተቆረጠ ይህ መንገድ አይሠራም። ዘጌ ላይ ቡና የሚለቅም፣ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ቤተሰብ በዚህ በኩል የሚያገኘው የለም። ለእነሱ የከተማ ሴፍቲኔትን ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ አገልግሎቱን ቁጠሩ። ወርሃዊ ጡረታ የሚመጣው ሟቹ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የሚታሰበው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ነው። ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን የ10 ዓመቱ ጥያቄ ይቀራል። ሌላ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ነው። «25 ዓመት እኮ ሠርቷል» ብላችሁ ከመፎከራችሁ በፊት መዋጮው ከመቼ ጀምሮ እንደገባ ጠይቁ።

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። ሒሳቡን ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሥሩት። የማታውቁትን ቁጥር መጠየቅም መከራከርም አይቻልም።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ደመወዝ ደምሩና ለ36 ወር አካፍሉ። የሚያዘው መደበኛ ደመወዙ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገባም። የደመወዙ ልክ ከጠፋባችሁ አንድ ዘዴ አለ፤ የተቆረጠውን የጡረታ ገንዘብ ለ7 አካፍሉና በ100 አባዙ። 630 ብር ይቆረጥ ከነበረ ደመወዙ 9,000 ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሠራተኛው 12 ወር በ8,000፣ 24 ወር ደግሞ በ9,500 ብር ሠራ እንበል። ጠቅላላው 324,000 ነው። ለ36 ሲካፈል 9,000 ይመጣል። አገልግሎቱ 22 ዓመት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል። 12 ዓመት ሲባዛ 15 ነው። 30 እና 15፣ 45 በመቶ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለወታደርና ለፖሊስ የዓመቱ ጭማሪ ከዚህ ከፍ ይላል። የ9,000 ብር 45 በመቶ 4,050 ብር ነው። ሟቹ በሕይወት ኖሮ ጡረታ ቢወጣ ይህን ያገኝ ነበር ማለት ነው።

ተተኪዎች የሚካፈሉት ይህንኑ 4,050 ብር ነው። ሚስት ወይም ባል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ። ስለዚህ ለሚስቱ 2,025፣ ለአንድ ልጅ 810 ብር ይደርሳል። ሁለት ልጆች ካሉ በድምሩ 3,645 ብር ቤት ይገባል። በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆችም 15፣ 15 በመቶ አላቸው። አያትየዋ ልጇ እየጦራት ከነበረ እሷንም አትርሷት።

ሦስተኛ ልጅ ሲመጣ ነገሩ ይጠባል። 50 እና 60፣ 110 ሆነ። ድምሩ ከ100 ማለፍ ስለማይችል ከሁሉም ላይ በየድርሻው ይቀነሳል። በእኛ ምሳሌ ሚስት ወደ 1,841፣ እያንዳንዱ ልጅ ወደ 736 ብር ይወርዳሉ። የወንድሜ ሚስት «የልጄን ሰረቁኝ» ብላ ልታለቅስ የደረሰችው እዚህ ላይ ነበር። ማንም አልሰረቃትም፤ ጣሪያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ በሌላ ቤት የተወለደ ልጅ ካለ ከመጀመሪያው አውጡት። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱም ይላል። ደብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቅ ካለ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። ቤተሰቡም አብሮ ይታመሳል።

ሒሳቡ ካለቀ ወደ ወረቀቱ። የሞት ምስክር ወረቀት ከቀበሌው ወሳኝ ኩነት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደብተር። ከአሠሪው ደግሞ የቅጥር ቀኑን፣ የሦስት ዓመቱን ደመወዝ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩንና መጨረሻ የተከፈለበትን ወር የሚገልጽ ደብዳቤ። ተተኪነቱን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔም ትጠየቃላችሁ። ሁለቱም ወላጆች ከሌሉ ለልጆቹ ሞግዚት በፍርድ ቤት መሾም አለበት። ልጅ ጡረታው የሚከፈለው እስከተወሰነ ዕድሜ ድረስ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ካለ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ አያይዙ፤ የዕድሜ ገደቡ ለእሱ ይለያል።

የእኛ ፋይል የቆመው በስም ነው። ወንድሜ በሥራ መዝገብ በአንድ ስም፣ በልጁ የልደት ወረቀት ደግሞ እናታችን ባወጣችለት የቤት ስም ተጽፏል። የፋይል ሠራተኛዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ «እህቴ፣ አባትየው የትኛው ነው?» አለችኝ። ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ፍርድ ቤት ተመለስን። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቀጠሮ። ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ነው፤ መዝገብ ቤት ግን ሊያጨቃጭቅ ይችላል። ፍርድ ቤት የምትሄዱ ከሆነም የስሙን ጉዳይ ከተተኪነቱ ጋር አንድ ላይ አቅርቡ።

ቢሮዎቹ ሁለት ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና፣ የድርጅት ሠራተኛ ከሆነ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና። ባጃጅ ነጂውን «ጡረታ ቢሮ» ብቻ ካላችሁት ወደመሰለው ይወስዳችኋል። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ያስገባችሁበትን ቀንና የፋይል ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀሩ። ብዙ ከቆያችሁ የኋላው ውዝፍ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው አልፎ፣ ሊቀር ይችላል።

ውሳኔው ሲመጣ ቤት ከሠራችሁት ሒሳብ ጋር አስተያዩት። ጥቂት ብር ቢለያይ ወሮቹ ተቆጥረው ነው። በሰፊው ከተለያየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተመዘገበ የአገልግሎት ዘመን አለ፤ ስሌቱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ አለ።

እንደ ሦስት ልጆቹ ምሳሌ ድርሻችሁ ተቀንሶ ከነበረ ደግሞ፣ ትልቁ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ የሌሎቹ እንደገና ይሰላል። 736 የነበረው ወደ 810 ይመለሳል። ያን ጊዜ ፋይል ቁጥራችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ።