ሐይቅ ዳር ውሃ የሚያሰርግ መንገድ ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ከአሸዋው ልጀምር። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ ዝናቡን በብሎኮቹ መሃል ባለው ክፍተት ወደ ታች ያስገባል፣ ከሥሩ ባለው ጠጠር ውስጥ ያቆየዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ለአፈሩ ይሰጠዋል። ወረቀት ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ሳይት ላይ ግን በኮብልስቶን እጁን ያፍታታ ሠራተኛ አለ። ኮብልስቶን አሸዋ ላይ ይነጠፋል፣ ክፍተቱም በአሸዋ ወይም በድንጋይ ብናኝ ይሞላል። እናም ማንም ሳያዘው አሸዋውን አፍስሶ በመጥረጊያ ያስገባዋል፤ ፎርማኑ ቆሞ ያያል፣ "እንዲህ ሲጠብቅ ያምራል" ይላል። ያምራል እኮ! ውሃው ግን አይገባም። ወንፊቱን በሊጥ ደፍኖ ዱቄት አልወርድ አለኝ እንደማለት ነው።

የሚፈለገው የታጠበ፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ፣ ብናኝ የሌለበት የተፈጨ ጠጠር ነው። ክፍተቱ ውስጥና ብሎኩ በሚያርፍበት ስስ ንብርብር ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ከሥሩ እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከታች ደግሞ ከ40 እስከ 75 ሚሊ ሜትር። አሸዋ የለም። ገረጋንቲ የለም። "ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት" የሚባል ነገርም የለም። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። እንዲህ ካለ ጠጠር ቢያንስ ሲሶው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በላዩ የወረደ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ያን ባዶ ቦታ በብናኝ ከሞላችሁት ገንዘቡን ያወጣችሁበትን ዕቃ ራሳችሁ ጣላችሁት።

አንድ ሳይት ላይ ጠጠሩ ሳይታጠብ መጣ። ማጠብ ውሃ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ኮንትራክተሩም ቸኩሏል። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ጎርፉ በንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ገባ። ብሎኮቹ ሲነሱ ከሥር የተገኘው ጭቃ ነው። ከዚያ በስብሰባ ላይ ምን ተባለ? "ቴክኖሎጂው ለእኛ አገር አይሆንም።"

ሐይቅ ዳር ይህ ቀልድ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከመንገድ ታጥቦ የገባ ዘይትና ደለል እዚያው ይቀራል። ጣና ላይም እምቦጭን የሚያፋፋው ጎርፍ ይዞት የሚገባው ነገር ነው። አብዛኛው ከእርሻ ቢመጣም የከተማውም ድርሻ አለበት።

ሁለተኛው ስህተት አንድን የንድፍ ስዕል ገልብጦ ከተማ ለከተማ መዞር ነው። ሐዋሳ ብዙ ቦታ አፈሩ እሳተ ገሞራ የተፋው አሸዋማ ነገር ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ባሕር ዳር ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ ውሃ አስርጋችሁ መንገድ ካቆማችሁ መንገዱ ይነሳባችኋል። እዚያ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አንጥፋችሁ፣ የተበሳሳ ቱቦ ቀብራችሁ፣ የተጣራውን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲወጣ አድርጉት። አፈሩን ለማወቅ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሲጠጣ ድገሙት፣ በሁለተኛው ዙር ውሃው በስንት ደቂቃ እንደሰረገ መዝግቡ። አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም።

ደግሞ በሚያዝያ ቆፍራችሁ "የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ነው" አትበሉኝ። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። ያን ጊዜ እዩት። ከጠጠሩ ወለል እስከ ውሃው ከፍተኛ ደረጃ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ይኑር። ከሌለ ጠጠራችሁ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

ውሃ እንዲጠጣ የምትፈልጉትን አፈር በከባድ ሮለር አትደቁሱት። ጠጠሩን ጠቅጥቁ፣ አፈሩን ተዉት።

ከ5 በመቶ በላይ ተዳፋት ከሆነ ከሥር በየርቀቱ መገደቢያ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውሃው ሁሉ ታች ወርዶ አንድ ቦታ ይፈነዳል።

መኪናና ባጃጅ የሚታጠብበት ቦታ ላይ ጨርሶ አትሥሩት።

የሚረሳው ነገር ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ንጣፋችሁ ጥሩ ሆኖ ከጎኑ ጥርጊያ መንገድ ከገባበት፣ ባጃጆች ጭቃውን በጎማቸው እያመጡ በአንድ ክረምት ይደፍኑታል። የመጋጠሚያውን ጥቂት ሜትር በመደበኛ ንጣፍ ሥሩት። የአበባ መደቡ ከመንገዱ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ አፈሩ በየዝናቡ ይወርዳል። አሸዋና ሲሚንቶ የምታቦኩትም እላዩ ላይ አይሁን (ይህን መጻፍ አለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር)። ንጣፉ ከግንባታው ሁሉ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ጥገና? "ድንጋይ ነው፣ ምን ይፈልጋል" ይባላል። ይፈልጋል። ተራ መጥረጊያ አቧራውን ወደ ክፍተቱ ይገፋዋል፤ የሚያስፈልገው የሚመጥ ማሽን ነው። ማሽኑ ከሌለ የተደፈነውን ክፍተት በእጅ ቆፍሮ፣ አሮጌውን ጠጠር አውጥቶ በንጹሕ መተካት ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። የት እንደተደፈነ ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ንጣፉ ላይ ለጥፋችሁ፣ መጀመሪያ አርሳችሁ፣ ከዚያ 18 ሊትር ውሃ አፍስሱና ሰዓት ያዙ። መንገዱን በተረከባችሁ ቀን ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ካልጻፋችሁ በኋላ ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

የውሃ ቱቦ ሊጠግን የመጣ ሰው ደግሞ ቆፍሮ ሲጨርስ ያገኘውን አፈር መልሶ፣ ብሎኩን ደርድሮ ይሄዳል። ከላይ ምንም አይታይም። የቁፋሮ ፈቃዱ ላይ የጠጠሩን ዓይነትና መጠን ጻፉ፣ ጉድጓዱ ሲዘጋም አንድ ሰው ቆሞ ይይ።