የራት ዕቅድ አፑ ያዘዘው ሽምብራ ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል ሲል

በወር ክፍያ የሳምንቱን ራት የሚያወጣው አፕ ለተዘፈዘፈ ሽምብራ 1 ሰዓት ይበቃል ይላል። እዚህ 2 ሰዓት ተጥዶም መሃሉ ጥሬ ነው፤ በጣት ሲጨምቁት ቅርፊቱ ይላቀቃል እንጂ ፍሬው አይፈርስም።

እሳት መጨመር ውሃውን ከማትነን በቀር አልረዳም። ሶዳ ቅርፊቱን አለሰለሰ፣ ወጡን ግን ሳሙና ሳሙና አሰኘው። ነገሩ ከፍታው ነው፤ ከተማው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአፑ ደቂቃ ይህን አያውቅም።

የሠራው ይህ ነው፦ ሽምብራውን ማታ በሦስት እጥፍ ውሃ መዘፍዘፍ፣ በማግስቱ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ ፕሬዠር ድስት ውስጥ መጣድ። ፉጨቱ ከጀመረ 20 ደቂቃ፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ በራሱ እስኪተነፍስ መተው። ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፣ አረፋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ሽምብራው አይለሰልስም፤ ቁሌቱን ለብቻ አቁላልቶ የበሰለውን መጨመር ነው። ምስር ክክ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ትንሽ ደቂቃ ቢጨመርለት ይበቃዋል።

የጾሙ ጉዳይ ቀላል ነው፦ ረቡዕና ዓርብ ላይ «ቬጂቴሪያን» ከተባለ እንቁላልና አይብ ይመጣል፤ የሚመረጠው «ቪጋን» ነው።