የኮርስ ክሬዲትን ከክፍል ሰዓት ጋር እንዴት ማመሳከር ይቻላል?

የሴሚስተር ስኬጁል ሲያወጡ ከክሬዲቱ ቁጥር አይነሱ። «3 ክሬዲት» የሚለው ብቻውን በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍል መያዝ እንዳለበት አይናገርም። መነሻው ካሪኩለሙ ላይ ለኮርሱ የተመደበው የሌክቸር፣ የቱቶሪያልና የላብ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን ለየብቻ ይጻፉ። በተለመደው አሠራር በሳምንት 1 ሰዓት ሌክቸር 1 ክሬዲት ይቆጠራል፤ ለ1 ክሬዲት ላብ ግን 2 ወይም 3 ሰዓት ይያዛል፤ የትኛው እንደሆነ ካሪኩለሙን ይዩ። 2 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ ያለው ኮርስ 3 ክሬዲት ቢሆንም በሳምንት የሚፈልገው 5 ሰዓት ነው። የላቡን 1 ክሬዲት እንደ ሌክቸር 1 ሰዓት ቆጥረው ለኮርሱ በድምሩ 3 ሰዓት ብቻ ከያዙለት፣ ተማሪው ሙከራውን ሳይጨርስ ቀጣዩ ቡድን በር ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ በሴሚስተሩ ሳምንታት ብዛት ያባዙ። በ16 ሳምንት ሌክቸሩ 32፣ ላቡ 48፣ በድምሩ 80 ሰዓት ይሆናል። የፈተና ሳምንት ከ16ቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከአካዳሚክ ካላንደሩ ያረጋግጡ። ሁለት ሳምንት ለፈተና ከሄደ እዚሁ ኮርስ ላይ 10 ሰዓት ይጎድላል። አንዱ «ሰዓት» 50 ደቂቃ ከሆነ ደግሞ 48 ክፍለ ጊዜ በሰዓት ቆጣሪ 40 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሪፖርት ላይ ሁለቱን አይቀላቅሉ።

ኮርሱ በኢሲቲኤስ (በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር) ከተጻፈ ስሌቱ ይለያል። ኢሲቲኤስ የሚለካው የክፍሉን ሰዓት ሳይሆን የተማሪውን ጠቅላላ ድካም ነው፤ ንባብ፣ አሳይመንትና የፈተና ዝግጅት ሁሉ ይገባበታል። በአውሮፓ መመሪያ 1 ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሲሆን በ27 ካሰቡት 5 ኢሲቲኤስ 135 ሰዓት ይሆናል። 80ው በክፍልና በላብ ካለቀ ለግል ሥራ 55 ይቀራል፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። የሚቀረው ከዚህ በጣም ካነሰ አሳይመንቱን ይቀንሱ እንጂ የክፍሉን ሰዓት አይንኩ።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የቡድን ጉዳይ ነው። ላቡ 20 ተማሪ ብቻ የሚይዝ ከሆነና ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው ሦስት ቡድን ይከፈላል። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት 3 ሰዓት ላብ ይገባል፤ የላብ ክፍሉ ግን 9 ሰዓት ይያዛል፤ ሦስቱንም የሚያሠራው አንድ ሰው ከሆነ እሱም 9 ሰዓት ይቆማል። ተማሪው የሚያገኘው ክሬዲት አይጨምርም። ስለዚህ የተማሪ፣ የመምህርና የክፍል ብለው ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይሥሩ።

አሁን ሰዓቱን ስኬጁሉ ላይ ያስቀምጡ። የ3 ሰዓት ላብን አይቆራርጡ፤ ከ8፡00 እስከ 11፡00 ያለው የከሰዓት ጊዜ ይመቸዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሌክቸር ያለውን ተማሪ ወዲያው ቀጥሎ ፖሊ ግቢ ላብ አይመድቡት፤ የ10 ደቂቃ እረፍት ለመንገዱ አይበቃም።

በክረምት ወይም በብሎክ (በጥቂት ሳምንት ተጠቃሎ) ለሚሰጥ ኮርስ ጠቅላላውን ሰዓት ለሳምንታቱ ያካፍሉ። 48 ሰዓት ሌክቸር በ8 ሳምንት ሲሰጥ በሳምንት 6፣ በ4 ሳምንት ሲሰጥ 12 ይሆናል።

በመጨረሻ በዓላቱን ከስኬጁሉ ላይ ይሰርዙ። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦት ሲወርድ ባሕር ዳር ላይ ላብ የሚገባ ተማሪ አይጠበቅም፤ ጥር 11 ደግሞ ያው በዓል ነው። የገናውንም ጨምረው የጎደለውን ሰዓት በኮርስ ይቁጠሩና የሜካፕ (የማካካሻ) ቀኑን ከወዲሁ ኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፉት፤ ሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ባዶ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው።