አፈር አፈር የሚሸት ዑድ አቀባብ

አፈር አፈር የሚሸተውን፣ ዑድ የሚባለውን የእንጨት ሽቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ይደነግጣል። በረት በረት፣ እርጥብ ቆዳ፣ አንዳንዴም መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሽቶው ተበላሽቶ አይደለም። ቸኩሎ የታጠበ ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን፣ ዝናብ የነካው መሬትና ደረቅ እንጨት አንድ ላይ ሲሸቱ የሚሰጡትን ጠረን ሳያገኘው ይቀራል።

ዑድ የሚገኘው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅሉ አኩዊላሪያ ከሚባሉ ዛፎች ነው። ዛፉ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል፤ ሽታው ያለው ሙጫው በሰረገበት እንጨት ውስጥ ነው። ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለና ያን መዓዛ የሌለው ነው። በዓረብ ገበያ «ሂንዲ» የሚባለው የዑድ ዘይት፣ ዘይቱ ከመውጣቱ በፊት እንጨቱ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚዘፈዘፍ የበረት ጠረኑ ያይላል። «ካምቦዲ» የሚሉት ለስለስና ጣፈጥ ይላል፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል። በሚረጩት ሽቶዎች ውስጥ ግን የአፈሩን ሽታ የሚያጎሉት አብዛኛውን ጊዜ የፓቹሊ ቅጠልና የቬቲቨር ሣር ሥር ናቸው።

ዑድ ደረቅ ቆዳ ላይ ብዙ አይቆይም። ከታጠቡ በኋላ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ስስ ቫዝሊን ይቀቡና 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ዘይት ከሆነ የብልቃጡን የመስታወት ዘንግ በብልቃጡ አፍ ላይ ጠረግ አድርገው፣ በአንዱ እጅ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዴ ብቻ ያስነኩ። የምስር ክክ ግማሽ የምታህል ጠብታ ለሁለቱም አንጓ ትበቃለች። አንጓዎቹን ያገናኙ እንጂ አይፈትጉ፤ ፍትጊያ ቆዳውን ስለሚያሞቀው ፊተኛው ጠረን ቶሎ ይተናል። የቀረውን ከጆሮ ኋላ ያስነኩ። የሚረጭ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ ዱባይ ባለ ሙቀት አንድ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አፍንጫ ሽታውን ስለሚለምደው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ጠፋ» ብለው ይደግማሉ። እርስዎ ባይሸትዎትም መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ራሱን ይዞ ሊሆን ይችላል። ከመድገምዎ በፊት ወጣ ብለው ንጹሕ አየር ይሳቡ፤ ወይም ያልተቀባ ሰው ይጠይቁ። የቡና ፍሬ ማሽተት ከንጹሕ አየር የተሻለ አይሠራም። ከበዛብዎት ሳሙና ብቻውን ዘይቱን በደንብ አያነሳውም፤ በጥጥ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አድርገው ይጥረጉና ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ።

ነጭ ልብስ ላይ ዘይት አያሳርፉ። ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል፣ አጥቦ ማስለቀቁም ከባድ ነው። ልብሱ እንዲሸት ከፈለጉ በዑድ እንጨት ያጥኑት። ፍሙ ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ፤ ቀይ ፍም እንጨቱን ያቃጥለውና የሚወጣው የከሰል ሽታ ይሆናል። የጥፍር ስፋት ያላት ስንጣሪ አመዱ ላይ ያኑሩ፣ ልብሱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያጥኑ። ሽቶው የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚረጭ ሽቶ አልኮል ስላለው ከፍም አጠገብ አይረጭም። ቡና እየተፈላ የሐበሻ እጣን የሚጨስ ከሆነ ግን ዑዱን ለሌላ ቀን ይተዉት። የእጣኑ ሹል መዓዛ የአፈሩን ጠረን ይውጠዋል፣ ሁለቱም አያምሩም።

ለቆዳዎ አዲስ ከሆነ ክርንዎ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። አሁን የተላጨ ቆዳ ላይ አይቀቡ፤ ያቃጥላል።

ሲገዙም ትዕግሥት ይኑርዎት። ወረቀት ላይ አሽትተው አይወስኑ፤ አንጓዎ ላይ ተቀብተው ገበያውን ዞረው ይመለሱ። ንጹሕ የዑድ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በቶላ ነው፤ አንድ ቶላ 11.66 ግራም ያህል ነው። ትልቅ ጠርሙስ በርካሽ «ንጹሕ ዑድ» ከተባለ የተቀመመ ነው። የተቀመመ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፤ ከተመቸዎት ይግዙት፣ ብቻ የንጹሑን ዋጋ አይክፈሉ።

ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቀው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። መታጠቢያ ቤት ሙቀትና እንፋሎት ስለሚፈራረቅበት፣ መስኮት አጠገብም ፀሐይ ስለሚያገኘው አይሆንም። የሚረጨው ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል፤ ዘይቱ ግን በጨለማ ሲቆይ የበረት ጠረኑ እየለዘበ፣ እንጨቱ እየጎላ ይሄዳል።