የተፋቀ አይመለስም፦ በሚፋቅ የሎጂክ እንቆቅልሽ ውድድር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞባይል ካርድ ያልፋቀ ሰው የለም። ሳንቲም ይፈለጋል፣ ብርማው ቀለም ይነሳል፣ ቁጥሩ ይወጣል። አንዳንዴ እጅ ይበረታና ቁጥሩም አብሮ ይላጣል። ከዚያ «6 ነው 8?» እየተባለ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

በዚሁ ዘዴ የሚሠራ የሎጂክ እንቆቅልሽ አለ። ለተማሪዎች ውድድር አዘጋጅቼዋለሁ፣ በጣምም እወደዋለሁ። ሱዶኩ ላይ የተሳሳተ ልጅ በላጲስ አጥፍቶ ይቀጥላል። እዚህ ግን የተፋቀ ተፋቀ ነው። አዘጋጁ አስቀድሞ ያላሰበበት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ተወዳዳሪው ላይ ይወድቃል።

እኔ የምጠቀመው ማይንስዊፐርን ነው፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረውን የፈንጂ ጨዋታ። የኔ ካርድ 8 በ8 ነው፣ በድምሩ 64 ሳጥን። ከቀለሙ ስር 10 ፈንጂዎች ተደብቀዋል። በቀሩት 54 ሳጥኖች ውስጥ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በዙሪያው (በማዕዘን የሚነኩትንም ጨምሮ) ካሉት ሳጥኖች ስንቱ ፈንጂ እንደሆነ ይናገራል። ተወዳዳሪው እያሰላ ፈንጂ የሌለበትን ብቻ ይፍቃል።

የኮምፒውተሩን ሰሌዳ እንዳለ ወረቀት ላይ ማተም

ኮምፒውተሩ ይራራል። የመጀመሪያው ንክኪ ፈንጂ ላይ ቢያርፍ ፈንጂውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ዜሮ ሲነካም በዙሪያው ያሉትን ራሱ ይከፍታል። ወረቀት ይህን አያደርግም። ስለዚህ መነሻ ሳጥን ስጡ። ከስሩ 0 ያለበትን አንዱን መርጣችሁ ቀለሙ ላይ ኮከብ አድርጉበት። ዜሮውንም በግልጽ ጻፉት። ባዶ ከተዋችሁት «የኔ ካርድ ሳይታተም ቀርቷል» የሚል እጅ ሲወጣ ትውላላችሁ።

ግምት የሚጠይቅ ካርድ ማቅረብ

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ጥሩ ካርድ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሦስት የተፋቁ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል እንበል፦ 1፣ 2፣ 1። በዙሪያቸው ያልተፋቀው ከላያቸው ያለው መደዳ ብቻ ነው። ከ2 ራስ ላይ ያለው ፈንጂ ቢሆን ሁለቱም 1ዎች በእሱ ይሞላሉ፤ 2 ግን ሁለተኛ ፈንጂ የሚያገኝበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ መሃሉ ንጹህ ነው፣ ፈንጂዎቹ ያሉት ከ1ዎቹ ራስ ላይ ነው። ልጁ ይህን ሲያገኝ ፊቱ ሲበራ ታዩታላችሁ። ለዚያች ቅጽበት ነው ይህ ሁሉ ድካም።

መጥፎው ካርድ ደግሞ እንዲህ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ሳጥኖች ቀርተዋል፣ አንዱ ፈንጂ ነው። በአጠገባቸው ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ሁለቱንም አንድ ላይ ይነካሉ። የቀረ ፈንጂ መቁጠርም አይጠቅምም። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ካርድ ከእጄ ወጣ። ከሁሉም ቀድማ እዚያ የደረሰች ልጅ ሳንቲሟን እንደያዘች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ይሄ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ በምንም አይታወቅም። ነጥቡን ለሁሉም ሰጠን። የባከነባትን ሰዓት ግን ልንመልስላት አልቻልንም።

ችግሩ አዘጋጁ ቁጥሮቹን በሙሉ እያየ መሥራቱ ነው። ሁሉም ተገልጦ ሲታይ የማያሳምን ካርድ የለም። ስለዚህ ሰሌዳውን ያላየ ሰው አስቀምጡና በትንንሽ ወረቀት እየሸፈናችሁ አንድ በአንድ ያስከፍታችሁ። ለእያንዳንዱ «ለምን?» በሉት። «እንጃ፣ መሰለኝ» ካለ ካርዱ ይስተካከል።

ቅጣቱን ሳያሰሉ መወሰን

ለንጹህ ሳጥን 1 ነጥብ፣ ለፈንጂ ደግሞ 1 ነጥብ ቅነሳ አላችሁ እንበል። አንዱ ምንም ሳያስብ ካርዱን በሙሉ ቢፍቀው 54 ያገኛል፣ 10 ይቀነስበታል፣ 44 ይዞ ይወጣል። ተጨንቆ 40 ሳጥን በትክክል የፈታውን ልጅ ይበልጠዋል ማለት ነው። ቅጣቱ 6 ሲሆን ግን ያው ሰው ከዜሮ በታች 6 ላይ ይቀራል። ፈንጂ የነካ ወዲያው ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እጅ ይንሸራተታል፤ ነጥቡ ተቀንሶበት ይቀጥል።

«ተፍቋል» የሚባለው መቼ እንደሆነ አለመናገር

ብልጥ ተወዳዳሪ ጫፏን ብቻ ጫር አድርጎ ያያል። የፈንጂው ምልክት ትልቅ፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ያቺ ጫፍ ትበቃዋለች። ምልክቱንና ቁጥሩን በእኩል መጠን አትሙ። ደንቡንም አጭር አድርጉት፦ ከቀለሙ ስር ያለው ወረቀት በትንሹም ቢታይ ሳጥኑ ተፍቋል። ይህን ያህል ጥብቅ ለመሆን ግን በሳጥኖቹ መካከል ክፍተት መተው አለባችሁ። ያለዚያ ሳንቲሙ ጎረቤቱን ይነካና ጭቅጭቅ ይነሳል።

ካርዱን ሳይፈትኑ ማባዛት

የሚፋቅ ቀለም ቤት ውስጥም ይሠራል። ሁለት እጅ አክሪሊክ ቀለም፣ አንድ እጅ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይቀላቀላል። መጀመሪያ ግን የታተመው ላይ ውስጡን የሚያሳይ ሰፊ ፕላስተር ይለጠፋል። እሱ ከሌለ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይገባና ሲፋቅ ቁጥሩም አብሮ ይነሳል። ቀለሙን ቀብታችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ድገሙት።

ከደረቀ በኋላ ከካርዱ ጀርባ የስልክ መብራት አብሩበት። ቁጥሩ ከታየ ወረቀቱ ስስ ነው። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ልጅም ያየዋል። ወፍራም ወረቀት ተጠቀሙ፣ ጀርባውንም በጥቁር አትሙት።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ መስጠት

የተፋቀ ካርድ ከሩቅ ይታያል። ነጩና ብርማው ስለሚለያይ ጎረቤት በዓይኑ ብቻ መኮረጅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ሰሌዳ ብታዞሩትና እንደ መስታወት ብትገለብጡት 8 መልክ ይወጣዋል። ክብደቱ ያው ነው፣ አቀማመጡ ግን ይለያያል። ማዞሩን ኮምፒውተር ላይ ሥሩት፤ ወረቀቱን ብቻ ካዞራችሁ ቁጥሮቹ ይተኛሉ። በየካርዱ ጥግም ከ«ሀ» እስከ «ሸ» ፊደል አድርጉ፣ አራሚው እንዳይሳሳት።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ለሁሉም እኩል ሳንቲም ስጡ፣ በጥፍር የሚፍቅና በሳንቲም የሚፍቅ እኩል አይሄድም። እርሳስ ብርማው ቀለም ላይ በደንብ አይጽፍም፣ ጠበቅ ሲያደርጉትም ይፍቃል። ስለዚህ ባዶ 8 በ8 ሰሌዳ ያለበት ማስታወሻ ወረቀት ጨምሩ። ፍቅፋቂው እፍ ተብሎ እንዳይበተን ለየጠረጴዛው ቁራጭ ጨርቅ ይኑር። ትርፍ ካርድም አዘጋጁ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ፣ እጅ ወደ ላይ። ካርዶቹን ግን ወዲያው ደራርባችሁ አትሰብስቡ። እርስ በርስ ሲፋተጉ ቀለማቸው ይነሳል፣ ያልተፋቀው ሳጥንም የተፋቀ ይመስላል። ዳኛው በየጠረጴዛው እየዞረ ልጁ ባለበት ፎቶ ያንሳ፣ ልጁም በካርዱ ፊት ጠርዝ ላይ ይፈርም። እርማቱ በፎቶው ይሁን።